«ች» የጎደለው ኑዛዜ

ሰዉ ሁሉ «እትዬ ቅጥያ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ገና ማስተማር በጀመረች ሰሞን ሰሌዳው ላይ አንድ ግስ ትጽፍና ከጭራው አንዲት ፊደል እየቀነሰች፣ ሌላ እየጨመረች፣ «እዩ፣ ሰውየው ሴትዮ ሆነ! እዩ፣ አንዱ ብዙ ሆነ!» እያለች ስትቦርቅ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «ይቺ ሴትዮ ያለ ቅጥያ እንቅልፍም አይወስዳት» አለ፤ በዚያው ጸና። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከመታወቂያ ወረቀቷ በስተቀር እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ አልነበረም። እሷም አልከፋትም። ሰው ከሚወደው ነገር ስም ከወጣለት ምን ይከፋዋል?

ሥራዋ ትርጉም ነው። የምትኖርበት ከተማ ወንዝ ዳር ያለች፣ ድልድዩን ሲሻገሩ ሌላ አገርና ሌላ ቋንቋ የሚጀምርባት ናት። የልደት ምስክር፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ተበላሽቶ የተመለሰ የውኃ ሞተር ደብዳቤ፣ ብቻ ከማዶ የመጣ ወረቀት ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። የአባቷ ቤት ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ እግሩ አጭር በመሆኑ ካርቶን የተነጠፈለት ጠረጴዛ አላት። እዚያ ላይ ተርጉማ፣ እዚያው ላይ ማኅተሟን ትመታለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪዎች ይመጣሉ። በሩ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት «ትርጉም፤ የቋንቋ ትምህርት፤ የግስ እርባታ» ይላል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ወረቀቱን አንብቦ ደረጃውን እያለከለከ ወጣና፣

«እርባታው የምንድን ነው? የዶሮ ነው የከብት?» አላት።

«የግስ ነው፣ ጋሼ።»

«ግስ ደግሞ ምን ይበላል?»

«ዕድሜ» አለችው። ሰውየው ያልገባው ነገር እንዳለ ገባውና ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሻይ አፍልታለት ሄደ።

የማዶውን ቋንቋ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድዩን እየተሻገሩ እህል መዛኝ ሆነው ሠርተዋል። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ሚዛኑ ሥር ስለሆነ በራሳቸው ቋንቋ ስማቸውን እንኳ አስተካክለው መጻፍ አይችሉም ነበር፤ በማዶው ግን እጃቸው እንደ ጸሐፊ ይፈስሳል። ልጅ ሳለች ከሥራ ሲመለሱ በማዶው ቋንቋ ያናግሯታል። አንድ ጊዜ ብርጭቆ ሰብራ «ድመቷ ሰበረችው» አለች። አባቷ ኮታቸውን እያወለቁ፣ ሳይቆጡ፣ «በ'ዳ' ነው በ'ሙ'?» ብለው ጠየቋት። ዝም አለች። ዝምታዋ በቂያቸው ነበር፤ ስብርባሪውን አብረዋት ለቀሙ።

ይህ «ዳ» እና «ሙ» የሚባለው ነገር ለእትዬ ቅጥያ ከሁሉ የሚበልጥ የቋንቋ ተአምር ነበር። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ታስረዳለች፦

«የኛ ቋንቋ ወንድና ሴት ሳይለይ አፉን አይከፍትም። 'መጣ' ካልክ ወንድ ነው፣ 'መጣች' ካልክ ሴት ናት። የማዶው ቋንቋ ግን ለዚህ ደንታም የለው። 'እሱ' እና 'እሷ' አንድ ቃል ናቸው፣ ግሱም አይለያቸውም። እሱ አጥብቆ የሚጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፦ ያወራኸውን በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ከሰው ሰምተኸዋል? ካየኸው ከግሱ ጭራ ላይ 'ዳ' ትላለህ፤ ከሰማኸው ወይም ከገመትከው 'ሙ'። አንዱን ሳትመርጥ ያለፈ ነገር መናገር አትችልም።»

ይህን ስታስረዳ ከሰማት ሰው ሁሉ እንደ ሙጫው የተደነቀ አልነበረም። ሙጫው ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለይ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነበር። ከማዶ የሚመጣውን አድራሻ ማንበብ ስላቃተው ነው ሊማር የመጣው። «ዳ»ንና «ሙ»ን ሲሰማ ትንሽ አሰበና፣

«እትዬ፣ 'ተወለድኩ' ሲሉስ?» አለ።

«በ'ሙ' ነዋ! ማን ሲወለድ አየ?»

እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ፖስታ ቤት ሄዶ ለሥራ ባልደረቦቹ ነገራቸው፣ ለሻይ ቤቱ ሰዎች ነገራቸው፣ ማዶ ተሻግሮ ላገኘው ሰው ሁሉ «እኔ ተወለድኩ፣ በሙ!» እያለ አሳቀ። ትምህርቱ በስድስት ወር ያልቃል ሲባል እሱ አልሄድ አለ። ሰሌዳ ያጠፋል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ወረቀት ይቀዳል፤ «ሙጫ» የሚለው ስም የተለጠፈበትም በዚህ ነው። በአራተኛው ዓመት እትዬ ቅጥያ ራሷ ዋስ ሆና ቃለ መሐላ አስፈጸመችው፤ ማኅተሙን በራሷ እጅ አስቀርጻ ሰጠችው። በከተማው ለማዶው ቋንቋ ከዚያ ወዲያ ሁለት መሐላ ያለባቸው ተርጓሚዎች ሆኑ፤ እሷና እሱ። ጠረጴዛው ግን አንድ ነበር። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ በግድግዳው በኩል ተቀምጠው ዐሥር ዓመት ሠሩ።

አባቷ የታመሙት ሙጫው ማኅተሙን ከማግኘቱ አንድ ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ቆዩ። ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ በማንኪያ ያጎረሰቻቸው፣ ጥፍራቸውን የቆረጠችላቸው እሷ ናት። በጎን ያለው ክፍል በሩ ስለማይዘጋ፣ ትርጉም ላይ ሆና ሲያቃስቱ ብዕሯን ጥላ ትነሳለች። ባለጉዳዮች ለምደውት ነበር፤ «እትዬ፣ ግድ የለም፣ እንጠብቃለን» ይላሉ። ባል ያላገባችው ለዚህ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ እሷ ግን «ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ» እያለች ትቀልድ ነበር።

ወንድም አላት። ሃምሳ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው፣ ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ፣ በትልቁ ከተማ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሆኖም ቤተሰቡ ዛሬም «ማሙሽ» ይለዋል። ማሙሽ ክፉ ሰው አልነበረም። በየእሑዱ ይደውላል። «አባዬ እንዴት አደሩ? መድኃኒቱ ደረሰ?» ይላል። መድኃኒቱን በአውቶቡስ ይልካል፤ አንድ ጊዜም ተሽከርካሪ ወንበር ልኳል። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን አራት ጊዜ ነው የመጣው፤ ሲመጣም ሻንጣውን ሳይፈታ ይመለሳል። የአባቱን ገላ መታጠብ ማየት ሆዱ አይችልም፤ ውጪ ይቆማል።

አባቷ ሲያርፉ ማሙሽ መጥቶ አለቀሰ፣ ከሁሉ ይበልጥ አለቀሰ። ሳምንት ሳይሞላ፣ እትዬ ቅጥያ የአባቷን መሳቢያ ስታስተካክል፣ ከድሮ የሚዛን ድንጋዮች ሥር አንድ ፖስታ አገኘች። ላዩ ላይ በማዶው ቋንቋ «ኑዛዜ» ይላል። በግራ እጅ የተጻፈ፣ እንደ ሕፃን ጽሑፍ የተንጋደደ ነው። ቀን የለውም። ከፍታ ልታነብ ስትል እጇን ሰበሰበች። ማሙሽ አጠገቧ ቆሟል።

«አንብቢዋ፣ እህት ዓለም» አላት።

«ሕጉ አይፈቅድም። እኔ ባለጉዳይ ነኝ። ባለጉዳይ የራሱን ወረቀት አይተረጉምም፤ ባላነበው ይሻላል፣ ነገ አስተያየት ሰጠች እንዳልባል።»

«ታዲያ ማን ይተርጉመው?»

«ማን አለ? ሙጫው ነዋ» አለች። ይህን ስትል ልቧ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ለራሷ እጅ የምትሰጠውን ያህል ነው ያመነችው። ፖስታውን እንደታሸገ ሰጠችው፤ ሙጫውም በሁለት እጁ ተቀብሎ «አባባን ነፍስ ይማር» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማሙሽ እስከ ደረጃው ሸኘው። ታች ቆመው ብዙ ሲያወሩ በመስኮት አየቻቸው። ስለ ለቅሶው መስሏት ነበር።

በሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ ትርጉሙ የተነበበ ዕለት ሦስቱም ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ታፍኗል። አነበበች፦

«'ይህን ቤት ከነግቢው፣ በሕመሜ ዘመን ላስታመመኝ ልጄ ሰጥቻለሁ።'» ቀና አለች። «እንግዲህ… ላስታመመኝ ይላል። ወንድ ልጃቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ማሙሽ።

እትዬ ቅጥያ መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። ጉንፋኑ የዋጣት ፊደል ያለች መሰላት። «እስቲ እንደገና አንብቢልኝ፣ የኔ እመቤት» አለች። ጸሐፊዋ ደግማ አነበበች። «ላስታመመኝ።» አንዲት «ች» የለችም። ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ሥራ በአንዲት ፊደል ወደ ወንድሟ ተሻገረ።

ኮሪደሩ ላይ ሙጫውን ያዘችው። ገና አልተቆጣችም፤ የተሳሳተ ተማሪ ማረም ነበር የመሰላት።

«አንተ፣ ምን ነካህ? 'ላስታመመችኝ' ነው እንጂ!»

«እትዬ፣ ዋናው ላይ ጾታ የለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?»

«አንቺው ነሽ። 'ጾታው ካልታወቀ በወንድ ተርጉም' ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ።»

እውነቱን ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ባዘጋጀችው ማስተማሪያ ላይ ጽፋዋለች።

«'በግርጌ ማስታወሻ ግለጽ' የሚልም ጽፌያለሁ። ግርጌው የታለ?»

«ቅጹ ለግርጌ ቦታ የለውም» አለ። ዓይኗን አላየም፤ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ይነካካል። «ደንቡን ነው የተከተልኩት፣ እትዬ። በገዛ ደንብሽ ልትቀየሚኝ ነው?»

መንገድ ላይ ስትሄድ ራሷን ነበር የምትወቅሰው። ምን ነካኝ፣ እንዲህ ያለ ደንብ ለምን ጻፍኩ እያለች፣ ምግብም ሳትበላ ዋለች። ለሁለት ቀን ያህል ሙጫው ደንብ የሚያከብር፣ ልበ ደረቅ፣ ግን ንጹሕ ሰው ሆኖ ታያት። በሦስተኛው ቀን የዋናውን ቅጂ ከቢሮው አወጣች። ትርጉሙ ከተመዘገበ ወዲህ ማንበብ አይከለከልም። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ መነጽሯን አጠለቀች።

የአባቷ እጅ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የተለፋበት ነው። «ያስታመመ» የሚለው ግስ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከግሱ ጭራ ላይ «ዳ» አለ። ያውም ሁለት ጊዜ ተደርቦበት፣ ቀለሙ ወረቀቱን በስቶ። ሽማግሌው አጥብቀው ጽፈውታል። በዓይኔ ያየሁት፣ ከፊቴ ሆኖ ያስታመመኝ ማለታቸው ነው። ማሙሽ የላከውን መድኃኒት፣ ማሙሽ የከፈለውን፣ ማሙሽ በስልክ የጠየቀውን ሁሉ አባቷ ያወቁት በወሬ ነው፤ በማዶው ቋንቋ ያ ሁሉ በ«ሙ» እንጂ በ«ዳ» አይጻፍም። ስም መጥራት ያላስፈለጋቸው ለዚህ ነበር። «ዳ» ካሉ ማን እንደሆነ የሚስት ሰው አይኖርም ብለዋል።

በትርጉሙ ላይ ግን «በዓይኔ እያየሁ» የሚል ቃል የለም። ሌላ ተርጓሚ ቢሆን ዘለለው ትል ነበር። ሙጫው ግን «ዳ»ን አይዘልም። «ዳ»ን ለከተማው ሁሉ የነገረ እሱ ነው። ወረቀቱን ደጋግማ አየች፤ ሌላ ምክንያት ፈለገች፤ አጣች። ያኔ ነው አንጀቷ የተቃጠለው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ እያወቀ ነው ያደረገው።

በማግሥቱ ከገበያ ስትመለስ፣ ከቤቷ ሥር፣ ወደ መንገድ የሚከፈተው ዕቃ ቤት በሩ ተከፍቶ አየች። አንድ ቀለም ቀቢ በሜትር ይለካል።

«ምን ልትሠራ ነው፣ ልጄ?»

«የተርጓሚው ሰሌዳ ነው፣ እናቴ። ጋሽ ማሙሽ ናቸው የፈቀዱለት። 'ቤቱ ሲገባልኝ የፊት ክፍሉን እሰጥሃለሁ' ብለውታል መሰለኝ፤ ከወዲሁ ይለካ አለኝ።»

ሽንኩርት የያዘው ዘንቢል ከእጇ ሸርተት አለ። ቀቢው ጎንበስ ብሎ ለቀመላት።

ፍርድ ቤት የሄደችው ብቻዋን ነው። ጠበቃ አልያዘችም፤ እንዲህ ግልጽ ለሆነ ነገር ጠበቃ ምን ያደርጋል አለች። ጎረቤቶች መስክረውላታል፤ ማስታመሟን የካደ የለም፤ ማሙሽ እንኳ «እህቴ ደክማለች፣ አልክድም፤ እኔም በበኩሌ አስታምሜአለሁ፣ መድኃኒቱ የኔ ነው» አለ። ዳኛው ከጠረጴዛቸው በላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ወረቀቱን እያስነሣባቸው፣ በማኅተም ተጭነው ይዘውት፣ በትዕግሥት ሰሟት። ስለ «ዳ» ስታስረዳ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይህን የሚያረጋግጥ መጽሐፍ አለ?»

ማስተማሪያዋን ሰጠቻቸው። ሽፋኑን አዩት። «ይህ የእርስዎ የራስዎ ጽሑፍ ነው እኮ፣ ወይዘሮ። ባለጉዳይ ለራሷ ምስክር ልትሆን ነው?»

«ከማዶ ባለሙያ ይጠራልኝ።»

«እሱ ዓመት ይፈጃል። መሐላ ያለበት ተርጓሚ እዚህ ተቀምጧል። መጀመሪያ እሱን እንጠይቅ።»

ሙጫው ተነሣ። አዲስ ኮት ለብሷል። ዳኛው ጠየቁት፦

«ዋናው ጽሑፍ ወንድና ሴት ይለያል?»

«አይለይም፣ ክቡር ዳኛ። ለሁለቱም ሊሆን ይችላል።»

እትዬ ቅጥያ ተነፈሰች። ይኸው፣ እውነቱን ተናገረ አለች በልቧ፤ ሰው ነው፣ ጊዜያዊ ነገር አታሎት ነው፤ አሁን ይነግራቸዋል።

«ይህ 'ዳ' የሚባለው ቅጥያስ? የተለየ ትርጉም አለው?»

ሙጫው የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ነካካ። ማራገቢያው ይሽከረከራል።

«አነጋገር ለማጠንከር የሚገባ ነው፣ ክቡር ዳኛ። ይህ ነው የሚባል ትርጉም የለውም።»

እሷ ራሷ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ሰው የነገራት ኋላ ነው። በማዶው ቋንቋ፣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸችበት፦ «ተወለድኩ በል! እስቲ ተወለድኩ በል!»

በችሎቱ ውስጥ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ከሁለቱ በስተቀር አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ያበደች መሰለው። ሙጫው ብቻ ገባው። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ አፉን ከፈተ፤ ግን አላለም። በ«ዳ» ቢል ሐሰቱ ለራሱ ጆሮ እንኳ አይዋጥለትም፤ በ«ሙ» ቢል ምስክርነቱን ራሱ ያፈርሳል።

«ወይዘሮ፣ ይቀመጡ። አለበለዚያ አስወጣዎታለሁ» አሉ ዳኛው። ሥርዓት አስከባሪው በትህትና ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። ጽሑፉ አሻሚ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ለወንድምና ለእህት እኩል ይከፈል። ፎቁ ለእሷ፣ ምድር ቤቱ ለማሙሽ ደረሰ። ማሙሽ በር ላይ ጠብቆ ሊያቅፋት ሞከረ። «እህት ዓለም፣ እኔ ሁሉን ልወስድብሽ አልነበረም፤ አንቺን ከቤትሽ የማስወጣሽ ይመስልሻል?» አላት። እቅፉን አልከለከለችም፤ ግን እጇን አላነሣችም። እሱን ከልጅነቱ ታውቀዋለች፤ የሰው ነገር ሲያምረው ያለቅሳል፣ ሲሰጡት ይረሳዋል። የእሱ ነገር ያስቆጣል እንጂ ልብ አይሰብርም።

ልቧን የሰበረው ሌላው ነው። ሙጫው የፊት ክፍሉን በወሰደ በሁለተኛው ቀን ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሷ ስትወርድ እሱ ሲወጣ ነበር፤ በእጁ የእሷ የሆነ ያረጀ መዝገበ ቃላት ይዟል፤ ሊመልስላት።

«እትዬ» አለ፣ መንገድ ሳይለቅላት። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ግማሹን እኮ ያስቀረሁልሽ እኔ ነኝ። 'ጾታ የለውም' ባልል ኖሮ ሙሉውን ይወስዱት ነበር።»

«ግማሹን አስቀረህልኝ።»

«አዎ። በአንቺ አልጨከንኩም።»

«ቤቱን ተወው» አለችው። «ቤቱን ብትሰጣቸው እሺ። ብታጣ፣ ብትቸገር፣ ክፍል ብትፈልግ፣ ብትነግረኝ እኔው እለቅልህ ነበር። 'ዳ' ትርጉም የለውም አልክ። በመሐላ። ከኔ ፊት።»

ሙጫው መዝገበ ቃላቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዐሥር ዓመት ሙሉ በግድግዳው በኩል ነው የተቀመጥኩት» አለ ድንገት፣ ድምፁ ተለውጦ። «ማዶ ስሄድ 'የእትዬ ቅጥያ ልጅ' ነው የሚሉኝ። አርባ ዓመቴን አልፌ የሰው ልጅ እባላለሁ። አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው የፈለግኩት። በስሜ።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም። መጽሐፉን ተቀብላው ወረደች። ዳቦ ልትገዛ ነበር የወጣችው፤ ሳትገዛ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንደምንም ትችላቸው ነበር፤ ወለሉ ባይሳሳ ኖሮ። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ በእሷ ሰዓት፣ ታች ትምህርት ይጀመራል። ተማሪዎቿም አንድ በአንድ ወደ ታች ተዛወሩ፤ ደረጃ የለውማ። ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማዋለች። «እዩ፣ ሰውየው ሴትዮ ሆነ!» ይላል፤ ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ቀልዶቿ፣ ምሳሌዎቿ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሳይቀር። ይህንንም ቻለችው። አንድ ቀን ግን ወደ ቅጥያዎቹ ደረሰ፤ እሷም ብዕሯን አስቀምጣ ጆሮዋን ሰጠች። የት ይሄዳል፣ እንዴት ያስተምረዋል አለች።

ሙጫው ጉሮሮውን ጠረገና፣ በዚያ ጥርት ባለ አነጋገሩ፣ «'ዳ' ማለት ተናጋሪው በዓይኑ ያየው ነው። ልብ በሉ፤ ይህን የዘለለ ተርጓሚ፣ ተርጓሚ አይደለም» አለ።

አንድም ሳያጓድል፣ እንዳስተማረችው አስተማረ። ቢዋሽ ይሻላት ነበር። ባያውቅ፣ ቢረሳ፣ ሰውየው ሞኝ ነው ብላ ትተኛ ነበር። ያውቀዋል፤ ይወደዋል እንኳ። እውነቱን ለማያውቃቸው ልጆች በየሳምንቱ ሳይሰስት ይሰጣል፤ ለእሷ ግን በሚያስፈልጋት በዚያች አንዲት ደቂቃ ከለከላት።

በወሩ ፎቁን ቆልፋ ድልድዩን ተሻገረች። ማዶ ባለው የጤና ጣቢያ ከወዲህ ለሚመጡ ሕመምተኞች የሚተረጉም ሰው ይፈለግ ነበር። ሁለት አልጋ የማይዘረጋበት ክፍል ተከራየች፤ ከመስኮቱ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ብቻ ይታያል። ሥራው ይደክማል። ሐኪሙ ሦስት ቃል ይናገራል፣ ሕመምተኛው ሠላሳ ይመልሳል። ይወጋዎታል ወይስ ይቆርጥዎታል፣ ዛሬ ነው ትናንት፣ እያለች ታጣራለች። ማዶኞቹ አነጋገሯን ሲሰሙ «የመዛኙ ልጅ አይደለሽም?» ይሏታል፤ ያ ደስ ይላታል። ተማሪ ግን አልያዘችም። ነርሷ አንድ ጊዜ «አስተምሪኝ» ብትላት «ዓይኔ ደክሟል» አለቻት። ዓይኗ አልደከመም ነበር።

ማሙሽ በየእሑዱ ይደውላል። አንድ ጊዜ ታነሣለታለች፣ ሁለት ጊዜ አታነሣለትም።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ በተጠባባቂዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሳለች ስልኳ ጮኸ። መልእክት ነው፤ ቁጥሩን አልሰረዘችውም ነበር። የሐኪም ወረቀት ፎቶግራፍ ተያይዟል፤ ከማዶ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የወጣች የአንዲት ሴት ወረቀት ነው። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ አስቸግሬሽ ከሆነ ይቅርታ። መድኃኒቱን አቁሚ ነው የሚለው አታቁሚ? አሉታው ሁለት ጊዜ ገብቶብኝ ግራ ገባኝ። ሴትዮዋ እዚህ ቆማለች። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም።»

ብዙ ጊዜ አየችው። ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ ከቦርሳዋ አወጣች። ወረቀቱን አስፍታ አነበበች። እውነትም አስቸጋሪ ነው፤ ጀማሪ በቀላሉ ይሳሳትበታል፤ የተሳሳተ ሰው ሴትዮዋን ይገድላታል። ሴትዮዋ ምን አደረገች?

ጻፈችለት። «አታቁሚ ነው። ሁለተኛው አሉታ የሚመለከተው የሕመም ማስታገሻውን ነው፤ እሱን ብቻ ታቁም። የደም ማቅጠኛውን አንድም ቀን እንዳታስተጓጉል፣ ጮክ ብለህ ሁለት ጊዜ ንገራት፤ ደግማ እንድትነግርህም አድርግ።» ላከችው።

ወዲያው መለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ደህና ነሽ?»

ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ቆየ። የክፍሉ በር ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ገብተዋል፤ የሚሉትን የሚሰማ የለም።

«መጣሁ» አለች እትዬ ቅጥያ፤ ሳትመልስለት ስልኩን ወደ ቦርሳዋ ከትታ ገባች።